ላብ አደር ወይስ ወዛደር?

ዝማሬ የፈለገችው እሁድን ብቻ ነበር። ጁባ ከተማ፣ ኒምራ ታላታ ሰፈር ካለው ሆቴል በአስተናጋጅነት ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው፤ አንድም ቀን አላረፈችም። ሴት ልጇን አትላባራ ሰፈር ካለው ቤቷ ለሞግዚት ትታ ትወጣለች፤ ስትመለስ ተኝታ ታገኛታለች። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ሞግዚቷን «እማዬ» ስትላት ሰማች።

ሠራተኞቹ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን የሚጠይቅ ማመልከቻ ለማስገባት ተስማሙ። ጥፋታቸው በሁለቱ ሽማግሌዎች ማስጻፋቸው ነው። የባሩ ጋሽ ተሾመ በወጣትነታቸው መኢሶን፣ የዕቃ ቤቱ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ኢሕአፓ ነበሩ። ሁለቱም ፓርቲዎች ለሠራተኛው መደብ ቆመናል እያሉ እርስ በርስ ተጫርሰዋል። ሠላሳ ዓመት አልፎ፣ ጁባ ድረስ ተሰደውም፣ ሰዎቹ አልበረደላቸውም።

«እኛ ወዛደሮች» ብለው ጀመሩ ጋሽ ተሾመ።

«ላብ አደሮች በል! ወዛደር የባንዳ ቃል ነው» አሉ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ።

«አናርኪስት!» አሉ ጋሽ ተሾመ።

«ያው አይደለም እንዴ? ሠራተኞች ብንለውስ?» አለች ዝማሬ።

ሁለቱም እኩል ገላመጧት። «ንቃትሽ ገና ነው» አሏት። የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲሰርዝ ሦስት ቀን አለፈ። የሆቴሉ ባለቤት አቶ ኃይለመለኮት ለሁለት ወር ካምፓላ ሊሄዱ ሻንጣቸው መኪና ላይ ሲጫን ግን የዝማሬ ትዕግሥት አለቀ። የጋሽ ተሾመን ረቂቅ ከባንኮኒው ላይ መንጭቃ ሮጠች።

«ያላ፣ ያላ! አውሮፕላን አይጠብቅም» ይላል ሾፌሩ እያጣደፈ።

አቶ ኃይለመለኮት መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ገና መጀመሪያው መስመር ላይ ዓይናቸው ቆመ። እስክሪብቶ አወጡ። ዝማሬ ሊፈርሙ ነው ብላ ጠጋ አለች።

«ይቺ የነተሾመ ቃል ናት» አሉ። «እኛ ኢሕአፓዎች ለላብ አደሩ ስንል ነው ሰባት ዓመት የታሰርነው።»

«ወዛደሮች» የሚለውን ሰረዙ፣ ከላዩ «ላብ አደሮች» ብለው ጻፉ፣ የቀረውን ሳያነቡ ወረቀቱን መልሰው ሰጧትና የመኪናውን በር ዘጉ።

«የእሁዱስ ጋሼ?» መስኮቱን ደበደበች። መኪናው አቧራውን አልብሷት ሄደ።

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ከኋላዋ መጥተው ወረቀቱን አዩ። ፊታቸው በራ። «አላልኩሽም?»

ዝማሬ ወረቀቱን ጨመደደችው።

«ልጄ ሞግዚቷን እማዬ ትላታለች» አለች። «ያንን ቃልስ ማን ያርምልኝ?»