የአራሷ በር

ጥሩሸዋ በዚያ ክረምት ጠላቷ አንድ ብቻ ነበር፤ ነፋስ። ልጇ እፀገነት የበኩር ልጇን ለመውለድ ከባሏ ቤት ከሞላሌ ወደ ጊሼ መጥታ፣ በሰላም ተገላግላ፣ ሴት ልጅ ታቅፋ መደቡ ላይ ተኝታለች። የጊሼ ብርድ ደግሞ አራስ አይምርም። ጥሩሸዋ ታናሽ እህቷን በአራስነቷ ብርድ መትቷት ቀብራለችና፣ ከምጡ ማግስት ጀምሮ ሥራዋ ሁሉ ቀዳዳ መድፈን ሆነ። ጣራውና ግድግዳው በሚገናኙበት ጨርቅ ወተፈች። የድንጋዩን ግድግዳ በጭቃና በእበት መረገች። በሩን ግን ልትረታው አልቻለችም።

በሩ እየታከከ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል።

“አንተ ሰውዬ፣ ለሰው ቤት ስትሠራ ነው እጅህ የሚቀናው?” አለችው ባሏን አወቀን። የአካባቢውን በር የሚሠራው እሱ ነው።

“እንጨት አይደለም እንዴ? ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። አንቺም ይኸው እየጾምሽ በገንፎው ሽታ ወፍረሻል።”

ፍልሰታ ነው። አራሷ ቅቤ የዋጠ ገንፎ ትበላለች፤ ጥሩሸዋ እያገነፋች፣ እያጎረሰች፣ እሷ እስከ ቅዳሴ መውጫ ውሃ አትቀምስም። ስቃ ተወችው። አወቀ በሩን አውልቆ በመላጊያ ላገውና መለሰው፤ ልክክ ብሎ ተዘጋ። በነጋታው ግን ደግሞ ታከከ። በታች በኩል መድረኩን ነክሶ፣ በላይ በኩል ጡጫ የሚያሳልፍ ክፍተት ተወ። አወቀ ታቹን ላገ፤ ጥሩሸዋ ላዩን ወተፈች።

ከመደቡ ራስጌ ያለው ግድግዳም እንዲሁ አስቸገራት። ከመሬት ተነሥቶ ሽቅብ የሚሄድ ስንጥቅ ነበረበት። ማታ ትደፍነዋለች፤ ጧት አፉን ከፍቶ ታገኘዋለች። ጭቃው ሲደርቅ ነው የሚሰነጠቀው ብላ ራሷን አሳመነች። በነሐሴ የሚደርቅ ጭቃ እንደሌለ ልቧ ቢያውቅም ከልቧ ጋር ለመከራከር ጊዜ አልነበራትም።

ቤቱ ገደላገደሉ ወገብ ላይ ነው የተሠራው። ደርግ ወድቆ መሬት በተደለደለ ጊዜ የደረሳቸው ቦታ ነው። ከበላዩ የነበረው ጥድ ተቆርጦ አልቋል፤ ማገሩና በሩ የሆነውም እሱው ነው። ባለፈው ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ጥቁሩ አፈር የበግ እግር እስኪይዝ ድረስ ተሰነጣጥቆ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ሰማዩ መዝጊያ ያጣ ይመስል ሌት ተቀን ያወርደዋል።

“የሚገርመኝ ሌላ ነው” አለ አወቀ አንድ ቀን ደጅ ቆሞ። “ይህን ያህል ጥሎ ጎርፉ የት ገባ? በቤታችን ጥግ የሚወርደው ውሃ ቀጥኗል።”

“ቢቀጥን ምን አለበት? ቤት አይገባብን።”

“የትም አልሄደም፤ መሬቱ ውስጥ ነው ማለት ነዋ” አለ ለራሱ ያህል። ከዚያም ዶማውንና ምሳሩን ይዞ ከቤቱ በላይ ቦይ ሊቀድድ ተነሣ።

“ስትወጣ ግጥም አድርገህ ዝጋው” አለችው።

በምሳሩ ጀርባ ደጋግሞ መትቶ ዘጋው።

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤቷ የአማከለች ድምፅ ከደጅ መጣ። “እቴ ጥሩሸዋ፣ በሩን ምን አድርጋችሁበት ነው? እንቢ አለኝ።”

“ብርድ እንዳይገባ ነው። እዚያው ሆነሽ ተናገሪ።”

“ምንጩ ጭቃ ተፋ። ከልጅነቴ ጀምሮ ደፍርሶ አያውቅም። እኛ በጎቹን ይዘን ወደ ቤተክርስቲያኑ መውጣታችን ነው። እናንተስ?”

“አራስ ይዤ ወዴት እወጣለሁ?”

“ደጀ ሰላሙ አለ አይደል?”

“ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ? ክርስትና ያልተነሣች ልጅ ታቅፋ በእመቤታችን ደጅ ልትገባ?”

ከገደላገደሉ በላይ፣ ዐለቱ ላይ፣ ከቤተክርስቲያኑ በቀር ቤት የለም። ሁለቱም ያውቁታል። “እንግዲያው ለመምሬ ልንገራቸው” አለች አማከለች፤ እግሯ ጭቃውን እየጨቀጨቀ ራቀ።

“እማዬ” አለች እፀገነት ከመደቡ። “ከሥሬ ምን ይፈጫል?”

“ማን ይፈጫል በዚህ ዝናብ። ተኚ።”

ጥሩሸዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ ውዳሴ ማርያምን ቅኔ ማኅሌት በር ላይ ቆማ በጆሮዋ ነው የያዘችው። የዕለቱን ጀመረች። መሀል ላይ ስትደርስ ከራሷ ድምፅ በታች ሌላ ድምፅ ሰማች፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቀስ እያለ ሲንሸራተት። ጸሎቱን አቆመች። ድምፁ አላቆመም። ተነሥታ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ጧት የደፈነችው ጭቃ በቁሙ ተገንጥሎ እግሯ ሥር ወደቀ። እጇን ወደ ስንጥቁ ሰደደች፤ እስከ ክንዷ ገባላት። ወዲያ በኩል ነፋስ አላገኘችም። ቀዝቃዛ ውሃ ነበር፤ ከአፈር ጋር እየወረደ።

ክንዷን መዝዛ አወጣች። ስንት ቀን ሙሉ የደፈነችው ምን እንደነበር ገባት።

በሩን ገፋችው፤ አልተነቃነቀም። በሁለት እጇ ገፋችው። የሚሰማት ሰው እንደሌለ ሁሉ በቀስታ “አወቀ” አለች፤ ከዚያ ጮኸች። “አወቀ፣ በሩ ያዘኝ።”

“ራቂ” አለ ከደጅ። ለካ እሱም ቦዩ ሲሰምጥበት አይቶ እየሮጠ ደርሷል። ምሳሩን መቃኑ ላይ አሳረፈ። የገዛ ሥራው ነውና ቶሎ አልተረታለትም። እፀገነት ልጇን ደረቷ ውስጥ ሸሽጋ ተቀምጣ፣ ምሳሩ ባረፈ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። በመጨረሻ መቃኑ ተሰነጠቀና በሩ እንዳለ ወደ ውጭ ወደቀ።

“እዚሁ ላይ ትተኛ” አለ አወቀ በሩን እያየ። “ጭቃው ላይ መሄድ አትችልም።”

ጋቢውንም ደበሎውንም ደራርበው ከነልጇ አስተኟት። ሁለቱ ብቻቸውን ሊያነሡ ሲታገሉ ከጉሙ ውስጥ ነጭ ጥምጥም ብቅ አለ። ቄስ መርስዔ ኃዘን ናቸው፤ አማከለች ተከትላቸዋለች። ቄስ ከአራስ ቤት አይደርስም፤ ከደረሰም መቅደስ አይገባም። ጥሩሸዋ መንገዳቸው ላይ ቆመች።

“መምሬ፣ እርስዎ አይንኩ። ነገ ቅዳሴ አለብዎ።”

“ነገ ሌላው ቄስ ይቀድሳል። አንሺ።”

“ኧረ አባቴ…”

“ጥሩሸዋ፣ እኔም ጆሮ አለኝ፤ መሬቱ ይሰማኛል። ያንን ጫፍ ያዢ።”

አራቱ አራቱን ማዕዘን ይዘው ሽቅብ ጀመሩ። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። አወቀ አንድ ጊዜ በጉልበቱ ወደቀ፤ በሩ ተዘነበለ፤ እፀገነት ልጇን አጥብቃ ያዘች። ዐለቱን ሲረግጡ ከኋላቸው እንደ ብዙ ከብት ትንፋሽ ያለ ድምፅ መጣ። ጥሩሸዋ ዞር አለች። ቤቷ አልፈረሰም፤ እንደ ቆመ ሄደ። ጣራው እየጨሰ፣ ጓሮውን ይዞ፣ ጥቂት ወረደና ጎንበስ አለ። ከዚያ ጉሙ ሸፈነው።

ደጀ ሰላሙ አፍ ላይ ሲደርሱ ጥሩሸዋ እግሯን ተከለች፤ በሩም አብሯት ቆመ።

“ግቢ” አሉ ቄሱ።

“ቀኗ አልደረሰም።”

“ቀኗ ሲደርስ ደግማ ትመጣለች።”

ገቡ። ደጀ ሰላሙ መዝጊያ የለውም፤ ነፋሱ ከገደሉ እየተነሣ ቀጥታ ይገባል። እፀገነት ጥርሷ ይንገጫገጫል። አወቀ አራሷን ከነልጇ ካወረደ በኋላ በሩን አንሥቶ አፉ ላይ አቆመው። ከመላጉ ብዛት አጥሮ ቀጥኖ፣ ዙሪያውን ብርሃን ያሳያል። ጥሩሸዋ ነጠላዋን አውልቃ ቀደደችና ክፍተቱን ትወትፍ ጀመር። ከኋላዋ ሕፃኗ አስነጠሰች። እጇን አቁማ አዳመጠች። ሌላ ማስነጠስ አልመጣም፤ ጡት የመሳብ ድምፅ መጣ፤ ቆም እያለ፣ እንደገና።

በተረፋት ጨርቅ የመጨረሻውን ቀዳዳ ልትደፍን ጎንበስ ስትል ከወዲያ በኩል ጉሙ ገለጥ ብሎ ገደላገደሉ ታያት፤ ከሥር የአማከለች ቤት ገና ቆሟል። ጨርቁን እጇ ውስጥ ጨበጠችው። ቀዳዳዋን እንዳለች ተወቻትና መሬቱን ልትጠብቅ ዓይኗን አስጠግታ ተቀመጠች።