አጽናኙ ሲፈራ

አክስቴ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ መጽሐፍ ቅዱሴን ከእጄ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሌላው እጄ የሾርባ ፔርሙዝ ይዤ ስለነበር ልታግዘኝ ነው ብዬ አመሰገንኳት። እሷ ግን ባሏ አይቶ ለስንብት የመጣሁ እንዳይመስለው ነበር የደበቀችው። ይህ የገባኝ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ባሏን ጋሼ ነው የምለው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው። መተዳደሪያው ቧንቧ መግጠም ነው። ሰፈርተኛው ግን ይበልጥ የሚያውቀው በሌላ ነገር ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ስለሆነ ለቅሶ ቤት ሁሉ ይጠራል። «ለሚያምን ሰው ሞት የበር ደፍ ነው፤ እግርን አንስቶ መሻገር ነው» ይላል፤ የሚያለቅሰውም ዝም ይላል። «አጽናኙ» የሚል ስም ወጥቶለታል። በእናቴ ቀብር ላይ ለእኔም ያንኑ ብሎኛል። እኔም ያንን ይዤ አደግሁ።

ጉበቱ ላይ የተገኘው ነገር እንደማይድን ሐኪሙ ለአክስቴ ሲነግራት አጠገቧ ቆሜ ነበር። ለእሱ አለመነገሩን ግን አላሰብኩትም። ስንቱን የሸኘ ሰው የራሱ ይደበቅበታል ብዬ እንዴት ልገምት?

ስንገባ ጋሼ ክንዱ ላይ የተሰካውን ቱቦ አሳየኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ስገጥም ኖሬ ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ፣ ደግሞ አገጣጠሙ አላማረኝም አለ። ነርሷ እየሳቀች ወጣች። አክስቴ ሾርባውን ቀድታ ሳህኑን ሰጠችውና ስለሚያፈሰው ጣሪያ ታወራ ጀመር፤ ሲሻለው ቆርቆሮውን ራሱ እንዲቀይረው። ሁለቱም እያወቁ ሆዳቸውን የሚያባብሉ መሰለኝ።

«በይ እንግዲህ የኔ ምሁር፣ ጸልዪልን» አለኝ ጋሼ።

ሰው ፊት መጸለይ ያሳፍረኛል፤ ዓይኔን ካልጨፈንኩ ቃል አይወጣኝም። ስለዚህ የአክስቴን ፊት አላየሁም።

«ጌታ ሆይ፣ በቀሩት ጥቂት ሳምንታት አብረኸው ሁን። ወደ አንተ ሲመጣም እንዳይፈራ እጁን ያዘው።»

አሜን የሚል ጠፋ።

ዓይኔን ስገልጥ ሾርባው ብርድ ልብሱ ላይ ፈሷል። ጋሼ እኔን አይደለም የሚያየው፤ ሚስቱን ነው።

«ታውቂ ነበር?» አላት።

አክስቴ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ተናገረች። ካወቀ እህል አይቀምስም ብላ ነው፤ አንድ ሳምንት እንኳ እንደ ሰው እንዲበላላት ብላ ነው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ያቺን የበር ደፉን ነገር እንዲናገር ጠበቅሁ። አሁን ይላታል፣ እኛንም ያጽናናናል ብዬ።

ጋሼ የረጠበውን ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ሳበው።

«እፈራለሁ» አለ። «ለዚያ ሁሉ ሰው ስናገር ምን እያልኩ እንደነበር አላውቅም ነበር።»

ከሐኪሙ ቃል ይልቅ ይሄ ክው አደረገኝ። እናቴን የቀበርኩበት ቃል ከእግሬ ሥር የተነሳ መሰለኝ። ጌታም ሊይዙት በመጡባት በዚያች ሌሊት ነፍሱ እንዳዘነች፣ ላቡ እንደ ደም እንደወረደ ስንት ጊዜ አንብቤያለሁ። ያን ጊዜ ግን አንዱም ከአፌ አልወጣም።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «እንዳልፈራ አትጸልዪልኝ» አለኝ። «እፈራለሁ እንግዲህ። እየፈራሁ እንዲይዘኝ ጸልዪ።»

ሞከርኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። ስትጸልይ ሰምቻት የማላውቃት አክስቴ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣችና «ጌታ ሆይ፣ እንደተባልከው አድርግለት» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ጋሼ አሜን አለ።

ከዚያ ሐኪሙ ያላትን ሁሉ፣ ሁለት ወር እንኳ ላይሞላ እንደሚችል፣ አንድ ሳታስቀር ነገረችው። በማግስቱ የመውጫ ወረቀቱን ፈርመን ወደ ቤት ወሰድነው።