ስልኩ የሚያውቀው ፊት

ስልክ የሚሠሩ ኩባንያዎች መጀመሪያ የመክፈቻ ቁጥር እንድናስታውስ ይጠይቁን ነበር፤ ቀጥሎ ጣታችንን ፈለጉ፣ አሁን ደግሞ ፊታችንን። ጣርማ በር ላይ በግ የሚያረባው ጎረቤቴ አያ ተሾመ በዚህ ደስተኛ ነው። የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ገና ድሮ ረስቶታል።

ባለፈው ሰሞን አሊዩ አምባ ገበያ አብረን ወረድን። ዓወል የተባለ ነጋዴ ለአረፋ ሙክት ይፈልግ ነበር። የአያ ተሾመ ሙክት በቆላው ሙቀት እንዳይጎዳ ብለን ፎቶውን ብቻ በስልኩ ይዘን መጣን። ሌላ ሻጭ አጠገባችን ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። አያ ተሾመ ስልኩን ፊቱ ላይ ቢደቅን አልከፈትም አለው።

«ጌታውን ካደ እንዴ?» አለ ዓወል። «ለመሆኑ ስልኩ ያንተ ነው?»

«ፊትህን ያስመዘገብከው የት ነው?» አልኩት አያ ተሾመን።

«የገዛሁ ሰሞን፣ በማለዳ ደጅ ቆሜ።»

በጣርማ በር ብርድ በማለዳ ደጅ የቆመ ሰው ከዓይኑ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ትከሻው ላይ የጣለውን ጋቢ አንስቼ እስከ አፍንጫው ጠቀለልኩት። ስልኩ ወዲያው ተከፈተ። አያ ተሾመ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ሙክቱን ከፊትም ከጎንም አሳየ።

ዓወል ፎቶዎቹን አገላብጦ አየ። ከዚያ ስልኩን ቆለፈና ጋቢውን ተቀብሎ ራሱ እስከ አፍንጫው ተከናነበ። ለእሱም ተከፈተለት።

«ወላሂ፣ ይሄ የሚያውቀው ጋቢህን ነው» አለ እየሳቀ። «ሙክቱን ወስጃለሁ። ስልኩን ግን ብትመርቅልኝም አልፈልግም።»