ቀይ ክር የታሰረበት ፓትራ

ዲኔኦ ስትስቅ ከአጥር ማዶ ያለ ጎረቤት ይሰማ ነበር፤ ኤርጎጌ ስትስቅ ግን አጠገቧ የተቀመጠ ሰው እንኳ ዞሮ ካላያት አያውቅም። ዲኔኦ ጨው የምትበትነው በእፍኟ ነበር፤ ኤርጎጌ ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረች ሴት ናትና በማንኪያ ካልለካች እጇ አይታዘዛትም። አንዷ በኪምበርሊ ከተማ ሥጋ ቤት የነበረው አባት ልጅ፣ ሌላዋ ከአገር ቤት በስደት የመጣች የከምባታ ቄስ ልጅ። ዲኔኦ የቀጠሮዋ ሰዓት ትዝ የሚላት ካለፈ በኋላ ነው፤ ኤርጎጌ ቀድማ ትደርስና የሚዘገዩትን እየታዘበች ትቀመጣለች። ሁለቱን ያገናኛቸው በርናባስ ብቻ ነበር፤ ለአንዷ ባል፣ ለሌላዋ አንድያ ልጅ።

ሞት ሲመጣ ሳቂታዋን መርጦ ወሰደ። በሐምሌ ወር፣ ሆስፒታሎች የአልጋ ያለህ በሚሉበት በዚያ ብርድ፣ ኮሮና ዲኔኦን በአሥራ አንድ ቀን ጨረሳት። ገና አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላት፣ ስኳርም ደም ግፊትም ያለባት ኤርጎጌ ከዮቪል ሰፈር አፓርታማዋ ዕቃዋን ጠቅልላ ልጇ ቤት ገባች፤ የአሥራ ሁለት ዓመቷን የልጅ ልጇን ብሥራትን ለማሳደግ። «ምነው እኔን ትተህ» ብላ ለፈጣሪ ያቀረበችው አቤቱታ መልስ አላገኘም።

ቤቱ ዝም ብሎ ነበር። በርናባስ ጠዋት ከኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል፤ ማታ ይነሣል፤ ሲነሣም የተነሣ አይመስልም። ብሥራት ክፍሏን ዘግታ ትውላለች። ጥያቄ ሲጠይቋት ‹ኢትስ ፋይን› ትላለች፤ ከዚህ ሌላ ቃል ከአፏ ለማውጣት መርፌ ያስፈልጋል።

በኅዳር ወር የዲኔኦ እናት ከኪምበርሊ ደወሉ። ብሥራት ‹ኮኮ› ትላቸዋለች፤ በአገሬው ቋንቋ አያት ማለት ነው።

«ልጅቷን ስጡኝ» አሉ ኮኮ። «እዚህ የአክስቶቿ ልጆች አሉ፤ ትምህርት ቤቱም ደጃችን ላይ ነው። አንቺ ‹እችላለሁ› ካልሽ ግን አልነጥቅሽም። ለገና በስምንት ሰዓት እደውላለሁ፤ ያኔ ንገሪኝ።»

በርናባስን ብትጠይቀው «እማዬ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን» አላት። ብሥራትን ብትጠይቃት ኢትስ ፋይን። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ እርሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ባሏን ዶክተር ታፈሰን ከቀበረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ አሁን በዚህች የሰው አገር ከተማ ውስጥ ጠዋት የምትነሣለት ሰው ብሥራት ብቻ ናት። ልጅቷን ማስቀረት ፈለገች። ለማስቀረት ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ በዓል እንደ በዓል መዋል እንደሚችል ማሳየት ነበረባት።

«ለገና ምን ልሥራልሽ፣ ብሥሬ?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ማማ የምትሠራውን።»

ማማዋ የምትሠራው የአሳማ ታፋ ነበር፤ ከነአጥንቱ፣ ምድጃ ውስጥ የሚጠበስ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በገና ቀን ዲኔኦ ትደውል ነበር፤ «እማማ ነይ፤ የአንቺን ለብቻው ሠርቻለሁ» እያለች። ኤርጎጌም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት፣ ሳህኑ ታጥቦ ጠረጴዛው ከተወለወለ በኋላ፣ አንድ ላስቲክ ብርቱካን ይዛ ትመጣለች። «ለብቻው ቢሠራስ? ምድጃው አንድ ነው» ትለው ነበር ልጇን። ደግሞም የፈረንጆቹ ገና የሚውለው ታኅሣሥ አሥራ ስድስት፣ በነቢያት ጾም ወገብ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ይባስ ብሎ ዓርብ ሆነ። በጾም፣ በዓርብ ቀን፣ እሪያ የምትጠብስ የቄስ ልጅ፤ አባቷ ከመቃብር ቀና ብለው ቢያዩዋት ተመልሰው ይተኙ ነበር።

መኪና ያላት ወዳጇ ራሕማ ብቻ ናት፤ ዱርንፎንቴን ሰፈር ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ የምትሸጥ የስልጤ ሴት። ራሕማ ሥጋ ቤቱ በር ላይ አቆመችና ሞተሩን ሳታጠፋ ጠበቀቻት።

«ጨረሱ፣ እትዬ ኤርጎጌ?»

«አራት ኪሎ። ከኋላ ልጫነው?»

«እንግዲህ ጭኑት። ሌላ ሰው ቢሆን ታክሲ ያዝ እለው ነበር።» ራሕማ መስኮቶቹን አራቱንም አወረደች። «ባሌ ከጠየቀኝ በግ ነው እላለሁ። በግ እያልኩ ግን መኪናዋን ሦስት ጊዜ አሳጥባለሁ።»

«እኔ ልክፈል?»

«ተዉት። ልጅቷ ከቀረችልዎ መኪናዋን ሰባት ጊዜም ላሳጥባት።»

ኤርጎጌ ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ሳቀች፤ ራሕማም ዞራ ስላላየቻት አላወቀችም።

የዲኔኦ ማስታወሻ ቁም ሳጥኑ በር ላይ እንደ ተለጠፈ ነበር። ዲኔኦ ሥጋውን በዋዜማው ራሷ አሰናድታ፣ በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ምድጃውን ለባሏ ታስረክብ ነበርና ለእርሱ የጻፈችው ነው፦ «220 ግማሽ ሰዓት። ከዚያ 160። ለአንድ ኪሎ አንድ ሰዓት። አጥንቱ እንዳለ። እንዳትከፍተው፣ በርኒ!» ኤርጎጌ ደስ አላት። ቁጥር ያለበት ነገር ከቁጥጥሯ አይወጣም።

በዋዜማው ብሥራት ክፍሏን ዘግታ ሳለች ኤርጎጌ ማስኳን አጠለቀች፤ በላዩ ላይ ነጠላዋን አጣፋች፤ ጓንት አደረገች። ታፋውን በሎሚና በጨው አሸችው፤ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ሰባት ጊዜ አለቀለቀችው። ከዚያም ስለቷን ሞርዳ ቆዳውን ከዳር እስከ ዳር ገፈፈችው። ማን አዘዛት? ማንም። ዶሮ ሲሠራ ቆዳው ይገፈፋል፤ ቆዳ የማትገፍ ሴት ባለሙያ አትባልም፤ የዶሮን ያልማረች ሴት የአሳማን ቆዳ ልትምር ነው? ነጩን ስብም አብራ ላጠችው። ሁሉንም ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችና ሽታ እንዳይኖረው ግማሽ ጠርሙስ በረኪና ደፋችበት። ታፋው ንጹሕ ሆነ። ኩራት ቢጤ ተሰማት።

በማግሥቱ ታፋውን ምድጃ ውስጥ የምትጠብስበት ፓትራ ፈለገች። ሁለቱ በአሮጌ ቅባት ጠቁረዋል፤ ከላይኛው መደርደሪያ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ሦስተኛው ተገኘ፤ የሚያብረቀርቅ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት። ክሩ ምድጃ ውስጥ እንዳይቃጠል በመቀስ ቆርጣ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረችው። ታፋውን አጋደመች፤ ጨዉን በማንኪያ ለካች፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ 220 ከፈተች።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽታው የብሥራትን በር አስከፈተ። ልጅቷ በካልሲ እየተንሸራተተች መጣች፤ ፊቷ ላይ ሐምሌ ያጠፋው ነገር ተመልሶ ነበር። ምድጃው ፊት ተንበርክካ በመስታወቱ አጮለቀች። ብዙ ቆየች።

«እማማ፣ ክራክሊንጉ የታለ?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቆዳው። ላዩ ላይ የሚነፋው። ስትነክሺው የሚንኮሻኮሸው። እኔና ማማ የምንጣላበት።»

«ገፈፍኩት» አለች ኤርጎጌ።

«ኦኬ፣ ለብቻው ይጠበሳል እኮ። የት አስቀመጥሽው?»

ኤርጎጌ ወደ ቆሻሻ መጣያው ተመለከተች። ብሥራት ክዳኑን ከፈተች፤ የበረኪናው ሽታ ዓይኗን አስለቀሳት፤ ወይም በረኪናው አልነበረም። ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችው።

«ኢትስ ፋይን» አለች።

በሰባት ሰዓት ተኩል ታፋው ወጣ። ልብሱን እንደ ተገፈፈ ሰው ተጨማድዶ፣ ጠርዙ እንደ ጫማ ሶል ደርቆ ነበር። በርናባስ ቢላዋውን ይዞ ቆመ፤ ቆረጠ፤ የተቆረጠው እንደ ማገዶ ፍልጥ እየተሰነጠቀ ወደቀ።

«ጥሩ ነው፣ እማዬ» አለ፤ ውኃ ጠጣ፤ አኘከ፤ ደግሞ ውኃ ጠጣ።

«ውሸታም» አለች ብሥራት።

«ሦስት ብርጭቆ ጨረስኩ እንጂ ጥሩ ነው።»

ኤርጎጌ ያን ጠረጴዛ በገና ቀን ለምሳ ስትቀርበው የመጀመሪያዋ ነው። ወንበሩ የዲኔኦ ነበር፤ ሌላ ወንበር አልነበረምና ተቀመጠችበት። ባዶ ሳህን ይዛ ብትቀመጥ ልጅቷ ምን ትላለች? ጾሟን፣ ዓርቧን፣ አባቷን ወደ ጎን አለቻቸው። አንዲት ቁራጭ ወስዳ አፏ ውስጥ ጨመረች። ብትገፋው አልወርድ አለ፤ ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ አንገቷ ቀላ። ሶፍቱን አንሥታ በውስጡ ተፋችው።

«እማማ፣ ተዪው» አለች ብሥራት። የተናገረችው በቁጣ አልነበረም፤ አንድ ትልቅ ሰው ለሕፃን እንደሚናገረው ነው። «መብላት የለብሽም። ማማም ብዪ አላለችሽም።»

«ነይና ብዪ ትለኝ አልነበረም?»

«ነይ ነው ያለችሽ።» ልጅቷ ተነሥታ ከመስኮቱ ደፍ ቀዩን ክር አመጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይኼ የታሰረበት ፓትራ ያንቺ ነው። የአሳማ እንዳይነካው ብላ ነው የገዛችልሽ። እንዳይምታታብን ክር አሰረችበት። ያንቺን በዋዜማው ትሠራለች፤ ታፋው ኦቨን ውስጥ ከመግባቱ በፊት፤ ኦቨኑን መጀመሪያ በሶዳ አጥባ። ድንች፣ ካሮት፣ በዘይት። ቅቤ የለውም። ጾም ላይ ነሽ አለች፤ ከኢንተርኔት አይታ።»

ኤርጎጌ ልጇን አየችው። በርናባስ ሳህኑን ይመለከት ነበር።

«ታውቅ ነበር?»

«ነግሬሽ ነበር፣ እማዬ። ‹ምድጃው አንድ ነው› አልሽኝ። ይህን ለዲኔኦ ልነግራት አልቻልኩም፤ ‹ዘንድሮ ሥራ በዝቶባት ነው› እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ዋሸኋት።»

«ድንቹንስ?»

«በነጋታው እኔና ማማ እንበላው ነበር» አለች ብሥራት። «ጣፋጭ ነው።»

ፓትራው ምድጃው ላይ ነበር። ጥቁር ስብ ዳርና ዳሩን ይዞታል። ኤርጎጌ ተነሥታ ሙቅ ውኃ ከፈተችበት፤ ሳሙና አፈሰሰች፤ በብረት ሽቦ ፈገፈገች። ብረት ነው፤ ይታጠባል፤ ይህን ከማንም በላይ እርሷ ታውቃለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረችው ይህንኑ ነው። ግን ብትፈገፍግ ብትፈገፍግ ያን ፓትራ ለርሷ የገዛችው ሰው እንደገና ልትጠራት አትመጣም። ልታሰናዳ የተነሣችው አንድ ምሳ ነበር፤ ያበላሸችው ግን ሁለት ሆነ፤ አንዱን በምድጃ አደረቀች፣ ሌላውን አሥራ አንድ ጊዜ ሳትቀርብለት አሳለፈች። ይህችን ልጅ በምን ታሳድጋታለች? እናቷ የምትወደውን ሁሉ አንድ በአንድ እያጠበች፣ እየገፈፈች፣ በረኪና እየደፋች።

ልክ በስምንት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። በርናባስ ጠረጴዛው መካከል ጠርሙስ ላይ አስደገፈው። የኮኮ ፊት ታየ፤ ከበስተኋላቸው የልጆች ጫጫታ፣ የሳህን ኳኳታ፣ የአንድ ሰው ሳቅ። ሳቁ የዲኔኦን ይመስል ስለነበር በርናባስ ዓይኑን ጨፈነ። ብሥራት ግን ወደ ስልኩ ተጠጋች፤ ሳታውቀው አንገቷ ወደ ጫጫታው ተዘነበለ።

ኤርጎጌ ይህን አየች።

«መልካም ገና» አሉ ኮኮ። «እንዴት ዋላችሁ? በላችሁ?»

ኤርጎጌ እርጥብ እጇን በጉርዷ አበሰች። ቀዩን ክር ከጠረጴዛው አነሣችና ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ከዚያ ቆማ፣ ክፍል ፊት እንደምትቆመው ቀጥ ብላ፣ ሦስቱም እንዲሰሟት አድርጋ ተናገረች።

«እኔ አልችልም። ብሥራት ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ወደ እናንተ ትመጣለች። በርናባስ ያደርሳታል። ለሚቀጥለው ዓመት ታፋውን እርስዎ ይሥሩላት፣ ኮኮ፤ እርስዎ ቆዳውን እንዴት እንደሚያደርጉት ያውቃሉ።»