የመርሻ ልጅ ድርሰት

እታለም ባሏን ደሳለኝን ካጣች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ከኦቦክ ወደብ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባዋ ሰጠመች፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። መርዶውን ያመጣላት ያሳፈረው ነጋዴ፣ ሰው አሻጋሪው መርሻ፣ ራሱ ነው። ጀልባዋ አዲስ እንደነበረች፣ ደሳለኝም እየሳቀ እንደተሳፈረ ነግሯት ለቀስተኛውን ተቀምጦ ሲያጽናና ዋለ። እሷ አላመነችውም። ግን ምስክር የሌላት ሴት ምን ትላለች? ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዓርብ ዓርብ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ በሐበሾች ማኅበር አዳራሽ፣ የሐበሻ ልጆችን እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚውሉት በፈረንሳይኛ ስለሆነ እንግሊዝኛው አልጨበጥ ብሏቸው ከርሟል። እሷም ማስሸምደዱን ትታ ታሪክ ታስጽፋቸው ጀመር። ያያችሁትን ጻፉ፣ ስም ብቻ ለውጡ ትላቸዋለች። ቃል ሲያጥራቸው እየመጡ ይጠይቋታል፤ እንዲህ እያሉ አፋቸውን ፈቱ።

የመርሻ ልጅ በእምነት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ ዓርብ ደብተሯን ይዛ መጣችና የመዳብ ሽቦ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠየቀች። እታለም ነግራት ደብተሩን ተቀብላ አነበበች።

አንድ ነጋዴ ልጁን መኪና ውስጥ ትቶ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። መነጽሩ በመዳብ ሽቦ የታሰረ ሰውዬ፣ ጀልባዋ ውሃ ታስገባለችና አልሳፈርም ይላል። ነጋዴው መነጽሩን ከፊቱ መንጭቆ ጀልባዋ ውስጥ ይወረውረዋል። ሰውዬው እየዳበሰ ሊያነሳው ሲገባ ገመዱ ይፈታል።

ያንን ሽቦ በደሳለኝ መነጽር ላይ ያሰረችው እታለም ነበረች። መንደሩ ሁሉ በመነጽሩ ይቀልድበት ነበር።

ሌላ ጻፊ ብትላት ልጅቷ ትጽፍ ነበር። አላለቻትም። ፊደሏን ብቻ አርማ፣ ለወላጆች ቀን እንድታነበው ነገረቻት።

በወላጆች ቀን ልጆቹ በእንግሊዝኛ ያነባሉ፣ እሷ በአማርኛ ትተረጉማለች። ወላጆቹ በፈረንሳይኛው፣ በዓረብኛውና በሱማሊኛው አይታሙም፤ እንግሊዝኛ ግን አያውቁም። ስለዚህ የሰነፉንም ልጅ ድርሰት እያሳመረች ታስጨበጭብለት ነበር።

መርሻ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልጁ አንብባ ስትጨርስ ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበና ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«ሰማህ ዋለልኝ? እንግሊዝኛውን ውሃ አርጋ ጠጣችው እኮ! ያንተ ልጅ ስለ ድመት ጽፎ ቁጭ አለ።»

ዋለልኝ ሳቀ። መርሻ ወደ መድረኩ ዞረ። «እስቲ ተርጉሚላቸው እታለም፤ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።»

«አንዲትም አላስቀርም፣ ጋሽ መርሻ።»

ደብተሩን ከልጅቷ ተቀብላ ቀስ ብላ ተረጎመች፤ አልጨመረችም፣ አላሳመረችም። የመዳቡ ሽቦ ላይ ስትደርስ ሰዉ የደሳለኝን መነጽር አውቆ ወደ መርሻ ዞረ። መርሻ ሊነሳ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። እሷ ገመዱ እስኪፈታ ድረስ ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም።

ዋለልኝ ወንበሩን ወደዚያ ሳብ አደረገ። «መርሻ፣ ጀልባዋ አዲስ ናት አላልከንም ነበር?»

መርሻ፣ በልጅ አእምሮ ውስጥ ያለውን ማን ያውቃል፣ ፈጠራ ነው አለ። ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሳ ወጣ፤ አንድም ሰው ደህና ዋል አላለውም። በመጨረሻ እሱም ልጁን ሳይጠራ ወጣ።

በእምነት መድረኩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ቲቸር፣ ስህተት ነበረበት እንዴ?»

እታለም ልጅቷን አየቻት። ጠጋ ብላ ትከሻዋን ያዘቻት።

«የለበትም» አለቻት። «አንድም ስህተት የለበትም።»

ደብተሩን ግን ምስክሯ ነውና አልመለሰችላትም።