ሽታው የጠፋው ጋን

ባንቺአየሁ የጠላ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ከዚያም በወይራ አጠነችው። እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ጋኑ አፍ ደፍታ አሸተተች። ምንም የለም። «ጭሱ አልያዘውም» ብላ ወይራ ጨመረች። ደግማ አሸተተች። አሁንም ምንም። ሦስተኛውን ወይራ ስትጨምር ልጇ ቤዛዊት እየሳለች፣ ዓይኗን እያሸች ከጓዳ ወጣች።

«እማ፣ ቤቱን ልታቃጥይው ነው እንዴ? ጭስ በጭስ ሆነናል እኮ!»

ባንቺአየሁ ቀና ስትል እውነትም ጣሪያው አይታይም። ዓይኗ ያነባል፤ አፍንጫዋ ግን አልሰማም። ሮጣ ነጭ ሽንኩርት ልጣ ነከሰች። ምላሷን ለበለባት እንጂ አልሸተታትም። እዚያው ጋኑ አጠገብ ዘፍ አለች።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዝናሽ ያለቻት ትዝ አላት። ባለፈው ሳምንት ቤዛዊት ትኩሳት ሲይዛት ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር፤ መመርመሪያው አልቋል ተባሉ። ዝናሽ ናት መጥታ በሩ ላይ ቆማ የነገረቻቸው፦ «ማሽተት የሚያቅተው ሰው ከተገኘ ያው ኮሮና ነው ብላችሁ ያዙት። ከቤት አትውጡ፣ ሰውም አታስገቡ። የእያንዳንዱን ሰው ሕመም በየቀኑ ጻፊልኝ።» ባንቺአየሁ ፊደል የቆጠረችው አምና፣ ከጎልማሶች ጋር ነው። በደብተር እየጻፈች ነበር። «ቤዛዊት፦ ትኩሳት፣ ሳል፣ ወገብ።» «ባንቺአየሁ፦ ራስ ምታት፣ ድካም።» «ጎሹ፦ ደህና ነኝ ይላል።»

ጎሹ ባሏ ነው፤ የጎንደር–ደባርቅን መስመር በሚኒባስ ይሠራል። ሳሉን ከመኪናው ድምፅ ቀድማ ትሰማዋለች። እሱ ግን አንዴ የዳባት ብርድ ነው ይላል፣ አንዴ አቧራ ነው ይላል።

በዚያ ላይ የሚካኤል ማኅበር ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ የዚህ ወር ተራ ደግሞ የእነሱ ነው። በማኅበራቸው ደንብ ባለተራው ከጽዋው ቀምሶ ለሙሴው፣ ለማኅበሩ መሪ ያቀብላል፤ ከዚያ ጽዋው ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ሙሴው አያ ህሩይ ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ አስም አለባቸው፤ ዳገቷን ወጥተው እዚህ ቤት ለመድረስ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ። ከጎሹ አፍ በኋላ የሚቀጥለው አፍ የእሳቸው ነው። ባንቺአየሁን እንቅልፍ የነሳት ይኼ ነው።

ማታ ጎሹ ሲገባ ነገረችው።

«አፍንጫዬ ጠፍቷል። ማኅበሩ ይቅር።»

«ጽዋውን ባለፈው ወር በሰው ፊት ተረክቤ፣ ተሸክሜ አምጥቼ፣ አሁን በር ልዝጋ? ምነው ባንቺ፣ ጉንፋን ይዞሽ አያውቅም?»

«አያ ህሩይ ቢሞቱስ?»

«አያ ህሩይ ስንቱን ዘመን ያለፉ ሰው ናቸው። እኔ ደህና ነኝ። ቀምሼ የምሰጣቸው እኔ፤ አንቺን ማን አምጪ አለሽ? ጓዳሽ ተቀመጪ።»

በማግስቱም አለችው፤ በሦስተኛውም ቀን አለችው። ግድግዳ ብታናግር ይሻል ነበር። ራሷን እያዞራት ድፍድፉን በጠበጠች፤ ሞላች፤ ከደነች። እንዲያ ስትሠራ ራሷን ትረግም ነበር። የማትፈልገውን ድግስ በገዛ እጇ ትደግሳለች።

የማኅበሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቷ ነጃት በአጥሩ ላይ ሾርባ ልታቀብላት መጣች። ገና ከመድረሷ አፍንጫዋን ያዘች።

«ባንቺ፣ ኮምጣጤ ደፋሽ እንዴ?»

«የምን ኮምጣጤ?»

«ከዚያ ከጋንሽ ነው መሰል የሚመጣው። እኔ ጠላ አላውቅም፤ ኮምጣጤ ግን አውቃለሁ።»

ባንቺአየሁ ሄዳ ክዳኑን አነሳች። ላዩ ነጭ ሽፋን አብጅቷል። ቀመሰች፤ ውኃ ይሁን ጠላ አላወቀችውም። ቤዛዊትን ጠርታ አስቀመሰቻት፤ እሷም «ምንም አይለኝም» አለች። አሥራ ስምንት ዓመት ጠላ ጠምቃ አንድም ቀን ኮምጥጦባት አያውቅም። እንባዋ መጣ። ግን ገና ሳይወርድ ሌላ ሐሳብ መጣባትና ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

ጎሹ ሲገባ አንድ ጣሳ ሙሉ ቀድታ ሰጠችው።

«እስቲ ቅመስልኝ። የእኔ አፍ አይለይም።»

ግማሹን በአንድ ትንፋሽ አወረደው። ከንፈሩን ጠረገ።

«ሸጋ ነው! ከአምናውም በለጠ።»

«እውነትህን ነው?»

«እንዴት ያለ ጠላ ወጥቶሻል አንቺ! ድገሚኝ።»

ደገመችው። ጠጣው። ቤዛዊት በእጇ አፏን ይዛ ታየዋለች፤ ሳቅ ይሁን ድንጋጤ አልለየም። ባንቺአየሁ ጣሳውን ከእጁ ወሰደች።

«ኮምጣጤ ነው የጠጣኸው። ነጃት ከአጥር ማዶ ሆና ሽታው አላስቆም አላት።»

ጎሹ ጣሳውን አየ፤ ጋኑን አየ።

«አፍህ ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋው?»

«ከማክሰኞ» አለ ቀስ ብሎ።

«ከማክሰኞ! ያን ሁሉ ሰው ጭነህ ስትመላለስ! ማስክህስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

መጮህ አማራት፤ ትንፋሽ አጠራት። ጎሹ ተቀምጦ ራሱን አከከ።

«እሺ፣ እንቅር። ጠላው ተበላሸብኝ በያቸው።»

«እኔ? ክፉ ስም በእኔ ይውጣ?»

«ኮሮና ከምንባል አይሻልም? ነገ ማን መኪናዬ ላይ ይወጣል?»

«ደግሞም» አለች ባንቺአየሁ፣ «ለዚህ ብለው አይቀሩም። አምና ክብረት በተራዋ ጠላው ሲበላሽባት ምን ሆነ? ሁሉም ከየቤቱ በጀሪካን ይዞ መጣ። ጽዋው ዞረ።»

ጎሹ ተነሥቶ ወደ አልጋው ሄደ።

ጠዋት ባንቺአየሁ ሰው ሳይመጣ በሩ ላይ ቆመች። እንደ ፈራችው መጀመሪያ የመጡት አያ ህሩይ ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው፣ ደረታቸው እያፏጨ።

«እንዴት አደርሽ ልጄ? ምነው በር ላይ?»

«አያ፣ እዚያው ይቁሙልኝ። አይቅረቡኝ።»

«ምነው፣ ጠላው አልደረሰም?»

«ኮምጥጧል።»

«ይኼ ነው? እኔ ቤት አንድ እንስራ አለ። አሁን ልላክና...»

«ጠላው አይደለም አያ! ኮሮና ነው። ቤታችን ገብቷል።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረባቸውና በትራቸው ላይ ጎንበስ አሉ።

«ጎሹ ትናንት በስልክ አነጋግሮኛል። ደህና ነኝ ብሎኛል። አንቺ ሴትዮ ፊደል ከቆጠርሽ ወዲህ የማታነቢው በሽታ የለም» አሉና አንድ እርምጃ ወደ በሩ ቀረቡ።

ባንቺአየሁ ሁለት እጇን ዘርግታ በሩን ዘጋች። ሰው ሁሉ የሚያምነው ጎሹን ነው፤ እሱ ደግሞ ተኝቷል።

«ጎሹ!» ብላ ጮኸች። «ጎሹ፣ ውጣና ንገራቸው! አለበለዚያ እሳቸውን የምትቀብረው አንተ ነህ!»

አያ ህሩይ ሌላ እርምጃ ጨመሩ። ያን ጊዜ የመስኮቱ መዝጊያ ተንቋቋ። ጎሹ ጋቢውን ተከናንቦ ብቅ አለ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው፤ ረጅም፣ ደረቅ ሳል ነበር። ሽማግሌው ቆመው ጠበቁት።

«አያ» አለ በመጨረሻ፣ «የባንቺአየሁን ኮምጣጤ ትናንት ሁለት ጣሳ ጠጥቼ ሸጋ ነው ብያለሁ። አይግቡ። ይመለሱ።»

አያ ህሩይ በእግራቸው ሥር ያለውን መሬት አዩ። ከዚያ ወደ ኋላቸው ሦስት እርምጃ ሄደው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

«ታዲያ በስልክ ምነው ዋሸኸኝ?»

ጎሹ የመስኮቱን መዝጊያ ገርበብ አደረገ።

«ጽዋውስ?» አሉ ሽማግሌው።

«እኛው ጋ ይቆይ» አለች ባንቺአየሁ። «ስንድን አጥቤ፣ ፀሐይ አስመትቼ አስረክባለሁ።»

ሽማግሌው ወደ ሚካኤል ዞረው አማተቡ። ምርቃት አልሰጧትም፤ ይቅርታም አላሉም። ሄደው ዳገቱ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና የሚመጣውን ማኅበርተኛ ሁሉ በበትራቸው እያመለከቱ ወደ መጣበት ይመልሱት ጀመር።

ባንቺአየሁ ስትገባ ጎሹ አልጋው ላይ ሆኖ ይጠብቃታል።

«ይኸው ተናገርኩልሽ። አሁን እስቲ አጥሚት ሥሪልኝ፣ ሰውነቴ ተሰባብሯል።»

እሷ ደብተሯን አውጥታ «ደህና ነኝ ይላል» የሚለውን ሰረዘችው። ከሥሩ «ጎሹ፦ ከማክሰኞ ጀምሮ» ብላ ጻፈች። እርሳሱን እንዲያ አድርጋ ስለተጫነችው ወረቀቱ ተቀደደ። ከዚያ ተነሥታ፣ ጋኑን ማን ተሸክሞ እንደሚደፋው እያሰበች የአጥሚቱን እሳት አቀጣጠለች።