ስምንተኛው ብረት

ዳልጮ ያልነካው መኪና ላይ የገዛ እጁን አየ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሲቀላ ሰፈር ካለው ጋራዡ ደጃፍ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ እየነከረ ሲበላ፣ አንድ ነጭ ላንድክሩዘር፣ ከእነዚያ ከድሮዎቹ፣ ወደ ሴቻ የሚወጣውን ዳገት ሊይዝ በፊቱ አለፈ። መኪናውን አያውቀውም። አረጋገጡን ግን ያውቀዋል። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ አንደኛው የኋላ እግር ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ ሌላኛው መሬቱን እንደያዘ ቀረ፣ መኪናው ሳይንገጫገጭ ሄደ። እንዲህ የሚረግጥ መኪና በአርባ ምንጭ አንድ ብቻ ነበር። እሱንም የሠራው ዳልጮ ነው።

ጎማ ጠጋኙ ፈቃደ ከጎረቤት ሆኖ ሳቀበት።

«ምነው ዳልጮ፣ ቆንጆ ሴት ናት እንዴ ያለፈችው? ዳቦህን ሻይ በላው እኮ!»

«የማን መኪና ነው?»

«የክሊኒኩ ነዋ። አዲስ የገዙት። የማሠልጠኛው መምህር ኢሳያስ ነው ከኋላ ከፍ ያደረገው፤ ዛሬ ሴቻ ያስመርቁታል። ሹፌሩ ሚዜ የሆንክለት ክብሩ ነው። አንተን አልጠሩህም?»

«ጠርተውኛል» አለ ዳልጮ።

አልጠሩትም።

ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ከጋራዡ ጥግ በጆንያ የተጠቀለለ ብረት አለ። ለፋሲካ ሰሞን ክብሩ መጥቶ «ክሊኒኩ ሁለተኛ መኪና ሊገዛ ነው፤ ሥራው ያንተ ነው፣ ተዘጋጅ» ብሎት ነበር። ዳልጮም አመነ። ከአንድ የወደቀ አይሱዙ ላይ ተደራርቦ ክብደት የሚሸከመውን ረጃጅሙን የባሌስትራ ብረት ፈቶ፣ በልኩ ቆርጦ፣ ብረቱ ጥንካሬውን እንዳያጣ እሳት ሳያስነካ፣ በመዶሻ ብቻ ሳምንት ሙሉ እየቀጠቀጠ አጎበጠው። ግሪስ ቀብቶ ጠቀለለው። አራት ወር ሙሉ፣ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀና እያለ ጠበቀ።

እሱ ሲጠብቅ እነሱ ጨርሰዋል።

ዳልጮ የተናቀበትን ቀን የሚረሳ ሰው አይደለም። የክሊኒኩን የመጀመሪያ መኪና ከሠራ ስምንት ዓመት ሆነው። ያኔ ተራራው ላይ ወዳለው ኦቾሎ የሚወስደው መንገድ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ መኪናው ግማሽ መንገድ ላይ አንድ እግሩን አየር ላይ ሰቅሎ ይቆም ነበር። ምጥ የያዛትን ሴት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ያወርዳት ነበር። ዳልጮ ከኋላ ያለውን ወፍራምና አጭር ብረት አውጥቶ፣ በምትኩ ረጅምና ተጣጣፊ ብረት አስገብቶ፣ የፍሬኑን ቱቦ አስረዝሞ፣ ባሌስትራውን ከመኪናው አጽም፣ ከሻንሲው፣ የሚያገናኘውን ማንጠልጠያ ቀይሮ፣ በግራ ሰባት በቀኝ ሰባት ብረት አድርጎ አቆመው። መኪናው ኦቾሎ ድረስ ወጣ። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ምስጋና ሆነ። እግዚአብሔር ተመሰገነ፣ ገንዘብ የሰጡት ተመሰገኑ፣ ሹፌሩ ክብሩ ተመሰገነ፣ በሩን የሚከፍተው ዘበኛ እንኳን በስሙ ተጠርቶ ተጨበጨበለት። ዳልጮ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ስም ለመጥራት ሳይከብድ አይቀርም።

ይህም ይሁን። እንግዳ ሰው ነው የናቀው፣ እንግዳ ሰው ይንቃል። ክብሩ ግን እንግዳ አይደለም። ክብሩ ሲያገባ ሚዜው ዳልጮ ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት ክብሩ በዚያው መኪና፣ በእሑድ ቀን፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ የሰው ድንች ጭኖ ከኦቾሎ ሲወርድ ገለበጠው። ሰው አልተጎዳም። እንባውን እያፈሰሰ መጣ። «ሚዜዬ፣ ይህ ከተሰማ ሥራዬን አጣለሁ። ልጆቼን ምን ላብላቸው?» አለ። ዳልጮ የጋራዡን በር ዘግቶ፣ መኪናውን በሰንሰለት ከጓሮው የማንጎ ዛፍ ጋር አስሮ፣ ሦስት ቀን እየጎተተ ሻንሲውን አቃናው። ሙሉ በሙሉ አልቀናም። የግራው ኋላ ሁለት ጣት ያህል እንደ ወረደ ቀረ። ስለዚህ በግራ በኩል ስምንተኛ ብረት ጨመረበትና መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይህን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን» አለው ያን ቀን። «እኔ አፌን ዘግቻለሁ። አንተ ደግሞ ማንንም ከሥሩ አታስገባ።»

ክብሩ በልጆቹ ስም ማለ። አሁን ታዲያ ኢሳያስን ሜትር አስይዞ ከሥሩ አስገብቶታል ማለት ነው።

ዳልጮ በሐሳቡ እዚህ ላይ ሲደርስ ድንገት ቆመ። ቅድም ያየው መኪና ዓይኑ ላይ መጣ። የኋላው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ነበር። በንዴት ያላስተዋለው ይህን ነው። ኢሳያስ ብረቶቹን ቆጥሯል፤ በግራ ስምንት፣ በቀኝ ሰባት። ለተጣመመው መኪና የተሰጠውን መድኃኒት ቀጥ ላለው መኪና አጠጥቶታል። ከኦቾሎ ሲወረድ ደግሞ ገደሉ በቀኝ ነው።

«የራሳቸው ጉዳይ» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ኮቱን ለበሰና ወደ ሴቻ የሚሄድ ሚኒባስ ያዘ።

የኢሳያስ ማሠልጠኛ ግቢ ድንኳን ተተክሎ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ፣ ለእንግዳው ሁሉ የታሸገ ውኃ ታድሏል። ኢሳያስ ሰሌዳ ላይ መኪና ስሎ ያስረዳል። ልጅ እግር ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ።

«የሹፌሩና የነዳጅ ታንከሩ ክብደት ወደ ግራ ስለሚያመዝን፣ ባደረግነው ጥናት መሠረት ግራው ስምንት፣ ቀኙ ሰባት ብረት እንዲኖረው ሆኗል።»

ሰው አጨበጨበ። ዳልጮ ሳቁ አመለጠው። ሁሉም ዞረው አዩት።

«ጋሽ ዳልጮ! እንኳን መጡ» አለ ኢሳያስ ሳይደነግጥ። «ጋሽ ዳልጮ በልምድ የሚሠሩ የሰፈራችን ሰው ናቸው።»

«ስምንተኛውን አውጣው» አለ ዳልጮ።

«ምን አሉኝ?»

«የግራውን ስምንተኛ ብረት አውጣ። መኪናው ወደ ቀኝ ያዘነብላል።»

«ባዶ ስለሆነ ነው። ሲጫን ይስተካከላል።»

«ሲጫን ይብሳል! ሰው ሞልተህ ከኦቾሎ ስትወርድ ገደሉ በየት በኩል ነው? ወጥተህ ታውቃለህ?»

ኢሳያስ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ የክብሩ መኪና በስምንት ብረት ይህን ሁሉ ዓመት ወጥቶ ወርዷል። እሱ ለምን አላዘነበለም?»

መልሱ አንድ ነው። ያኛው ሻንሲው የተጣመመ ስለሆነ ነው። ለምን ተጣመመ? ስለተገለበጠ። ማን ገለበጠው?

ዳልጮ ክብሩን ፈለገው። አዲሱ መኪና አጠገብ፣ በአዲስ ጃኬት፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል፤ ሁሉም ገብቶታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ክብሩ» አለው ዳልጮ፣ ቀስ ብሎ። «አንተ ንገራቸው።»

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ።

«እኔ ሹፌር ነኝ» አለ ክብሩ መሬት መሬት እያየ። «ስለ ብረት ምን አውቃለሁ?» ቁልፉን ኪሱ ከተተና ጨመረ። «ሥራው ለሱ ስላልተሰጠ ቅር ብሎት ይሆናል።»

ከወንበሮቹ መካከል አንዳንዱ ሳቀ። ክብሩ ልኬቱን አሳልፎ መስጠቱ ሌላ ነው። ይህኛው ግን እዚሁ ፊቱ፣ በሰው መሃል ነው።

የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር አስቴር ከፊት ወንበር ተነሣች። «ጋሽ ዳልጮ፣ ሰኞ በዚህ መኪና ኦቾሎ የምወጣው እኔ ነኝ። ሁለት ነፍሰ ጡሮች ይዤ እወርዳለሁ። ለምን እንደሆነ በግልጽ ይንገሩኝ፣ ዛሬውኑ አስወጣዋለሁ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። ቢናገር ክብሩ አሁኑኑ ቁልፉን ያስረክባል፤ ኢሳያስም ከነሰሌዳው ያፍራል። ደስ ይለው ነበር፤ እንዴት ደስ አይለው! ግን ክብሩ ያን ቀን የሰጠውን ምስጢር ዛሬ በሰው ፊት ቢዘረግፈው፣ ክብሩ ካደረገበት በምን ይለያል? ከዚህ በኋላ ክብሩን ከሃዲ ብሎ ለመጥራት አፍ አይኖረውም። ያቺ አፍ ብቻ ነበረች የቀረችው።

«የኔ ስህተት ነው» አለ።

«እንዴት?»

«ያኔ ስሠራው ቆጠራ ተሳሳትኩ። በግራ አንድ ብረት አበዛሁ። መኪናው ሲያዘነብል ጊዜ እንደገና መፍታት ሰለቸኝና የቀኙን ብረት ይበልጥ አጉብጬ አመጣጠንኩት። እናንተ ብረቱን ስትቆጥሩ ስህተቴን ነው የገለበጣችሁት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራው ዋሸ። እነሱ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥያቄ አመኑት።

ኢሳያስ ወደ እንግዶቹ ዞረ። «ለዚህ ነው እኮ ትምህርት ያስፈለገው! ልምድ ብቻውን እዚህ ላይ ይጥላል» አለ። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። «ጋሼ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፤ በሪፖርቱ ይግባ።»

በስምንት ዓመት ውስጥ ሙሉ ስሙን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ዳልጮ የአባቱንም የአያቱንም ስም ነገረው። ኢሳያስ ጎንበስ ብሎ ሦስቱንም ስም ጮክ ብሎ እየጠራ ጻፈና አነበበ፦ «ቀደም ሲል በአቶ ዳልጮ የተፈጠረው ስህተት በባለሙያዎች ተለይቶ ታርሟል።»

ብረቱን ግን ለማንም አልተወም። በኮቱ መሬት ላይ ተንጋሎ፣ መኪናውን በክሪክ አስነሥቶ፣ ብሎኖቹን ፈትቶ፣ ስምንተኛውን በራሱ እጅ አወጣና መልሶ አጠበቀ። ሲወርድ መኪናው ቀጥ አለ። ሲስተር አስቴር ውስጥ ገብታ የውኃ ጠርሙሷን ወለሉ ላይ አጋደመችው። አልተንከባለለም።

«ጎበዝ፣ መምህር» አለች ወደ ኢሳያስ ዞራ።

ዳልጮ ብረቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። ክብሩ በሩ ጋ ደረሰበት።

«ሚዜዬ… ዝም ስላልክልኝ እግዚአብሔር ይባርክህ።»

«እኔ ዝም አላልኩም፤ ዋሸሁ። ዝም ያልከው አንተ ነህ።»

«ልጆቼን አስበህ…»

«ልጆችህን ሳምልኝ። አንተ ግን በጋራዤ በር አትለፍ። ያ ጠማማ መኪናህ አንድ ቀን ሲንቋቋ መምህርህ ጋ ውሰደው፤ ለምን እንደሆነም አንተው ንገረው።»

ሲቀላ ሲደርስ ፈቃደ ጎማ እየነፋ ነበር። ትከሻው ላይ ያለውን ብረትና ጀርባው ላይ ያለውን አቧራ አየ።

«እንዴት ነበር ምርቃቱ? ታዲያ ስምህ ተጠራ?»

ዳልጮ ብረቱን ከጆንያው አጠገብ ወረወረው።

«ተጠራ» አለ። «ከነአያቴ።»

ይህኛው ውሸት አልነበረም።